ሁለት ሳህኖች

የመንገድ ዳር ምግብ ቤቱ ባለቤት ዶኛ ኩካ ከተመጋቢ የተመለሱ ሁለት ሳህኖች በሁለት እጇ ይዛ ከወጥ ቤቱ ብቅ አለች። የሁለቱም ሞሌ፣ ያ የበርበሬ ወጥ፣ ከአንድ ድስት በአንድ ጭልፋ የወጣ ነበር። አንዱ ብዙም ሳይነካ ተመልሷል፤ ሌላው በቶርቲያ ቂጣ ተጠርጎ የታጠበ መስሏል። ጥር ላይ ከታመመች ወዲህ ምላሷ ጣዕም አይለይም። ይህን ለማንም አልተነፈሰችም፤ ወጧ መጣፈጡን የምታውቀው ከሚመለሱት ሳህኖች ነበር። ዛሬ ግን ሳህኖቹ ራሳቸው አልተስማሙም።

"ምነው ልጄ፣ ሳትበላ?" አለችው በመስኮቱ በኩል የተቀመጠውን መንገደኛ።

"ጨው በዝቶበታል፣ ዶኛ። እናቴ የዚህን ቤት ሞሌ አውርታ አትጠግብም ነበር፤ እኔ ግን ከሁለት ጉርሻ አላለፍኩም።"

ወደ ሊብራዶ ዞረች። ሊብራዶ ሃያ ዓመት ሙሉ የጭነት መኪናውን እዚህ ደጅ ሳያቆም አልፎ አያውቅም።

"አንተስ? የበላኸው ይሄንኑ አይደል?"

"እጅ ያስቆረጥማል፣ ዶኛ።"

ዓይኗ ከፊቱ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። አንድ ጆግ ውሃ ተሟጧል፤ ሁለተኛው ተጋምሷል። ይህ ሰው ሁለት ጆግ ማዘዝ የጀመረው መቼ ነው? ወደ ኋላ ብትቆጥር ጥር ላይ ደረሰች። ሊብራዶ አንገቱን ደፋ።

ሳህኖቹን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ሊብራዶ ተቀይማኛለች ብሎ ባርኔጣውን ሲያነሳ ጭልፋዋን ይዛ ተመለሰች።

"መዳፍህን ዘርጋ" አለችና ከሞሌው ጠብ አደረገችበት። "አሁን ብትዋሸኝ ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳላይህ።"

ላሰው። "ውሃ ይጨምሩበት።"

"ምን ያህል?"

ሊብራዶ የተጋመሰውን ጆግ አንስቶ ሰጣት።