የሰንበት መና

ሰሎሚት የማሰሮውን ክዳን ከፈተችና ወዲያው መልሳ ከደነችው። ትናንት ለሁለት ቀን ብላ የለቀመችው መና በትል ይርመሰመስ ነበር። በሌላው ቀን ያደረ መና ይተላል፤ ለሰንበት የተቀመጠ ግን ተልቶ አያውቅም። ከግብጽ በጉያዋ ደብቃ ባመጣችው የሸክላ ጣዖት ፊት ማታ ያኖረችው አንድ እፍኝ መና ብቻ እንደነጣ አድሯል።

ባሏ ሁለቱንም አየና ፊቱ ዐመድ መሰለ። “ምን ጉድ ነው ያመጣሽብን፣ አንቺ ሴት? ቶሎ ጣዖቱን ቅበሪው!”

“በሰንበት መሬት ልቆፍር? እግዚአብሔርን አትፈራም እንዴ?”

ከድንኳኑ ውጭ የጎረቤታቸው ድምፅ ተሰማ።

“ሰሎሚትዬ፣ የእናንተም ተላ? ሰፈሩን በሙሉ ዞርኩ፤ ያልተላበት ቤት የለም። እባክሽ፣ ካለሽ ለልጄ አንድ እፍኝ ብቻ ስጪኝ።”