ዜሮ ያለበት ረድፍ

«እማዬ፣ ለቤታችን የየትኛውን አገር ሕግ መረጥሽልን?» ብላ ልጄ ስምረት ስትጠይቀኝ፣ «ስርቆት የሌለበትን» አልኳት። እያንዳንዱ ቤት የሚተዳደርበትን የውጭ አገር ሕግ እንዲመርጥ ታዞ ነበር። ቁጥር ከገበያ አውቃለሁ፤ ፊደል ግን ያኔ አልቆጠርኩም ነበር። የቀበሌው ጸሐፊ በሰንጠረዥ ላይ የየአገሩን የስርቆት ብዛት ሲያሳየኝ፣ ዜሮ ያለበት ረድፍ ላይ አውራ ጣቴን አተምኩ።

በዓመቱ ስምረት ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘነበች ዛፍ አንድ ሎሚ ቀጠፈች። ሁለት ሕግ አስከባሪዎች መጥተው ቀኝ እጇን የበራችን ደፍ ላይ አስቀምጠው በመዶሻ ሰበሩት።

«ኧረ የሎሚው ባለቤት እኔ ነኝ፣ ምሬያታለሁ!» ብለው እትዬ ዘነበች ጮኹ።

«የእርስዎ ቤት ሕግ ይምራል፣ እማማ። የእሷ ቤት አይምርም» አለ አንደኛው።

ዛሬ ፊደል ቆጥሬ የዚያን ረድፍ ቅጣት ራሴ አነባለሁ። ስምረት በአንድ እጇ ፀጉሯን መጎንጎን ቢያቅታትም እኔን አታስነካኝም። ልብሷን ይዛ እትዬ ዘነበች ቤት ገባች፤ እኔ ጣቴን ባተምኩለት ቤት ቀረሁ።