የትርፍራፊው ቀለም

ኤሊሴዮ የመጨረሻዋን ጥግ ቀብቶ ብሩሹን ሲያነሳ፣ ልጁ ዮካስታ ትንሽ ልጇን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች። በባኒ ከተማ የገና በዓል ሲቃረብ ቀለም የማይቀባ ቤት የለም። እሱም ድሮ አዲሱን ቀለም ጎረቤት ለሚያየው ለፊት ለፊቱ ግድግዳ ያደርግና፣ በየቆርቆሮው ሥር የቀረውን ቀላቅሎ፣ በውኃ አቅጥኖ የልጁን ክፍል ይቀባበት ነበር። ዮካስታ ቢጫ ካልሆነ ብላ ስታለቅስ፣ "ደሞ ማን ገብቶ ሊያየው!" ይላት ነበር። ያቺ ቃል ስትከነክነው ኖራ፣ ዘንድሮ ያው ክፍል ለልጅ ልጁ መኝታ እንዲሆን ያልተከፈተ ቢጫ ገዛ፤ የፊት ለፊቱን ግን እንዳረጀ ተወው።

"እህስ፣ እንዴት ነው?" አላት፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ።

"ያምራል አባዬ።" ዓይኗ ግን ከግድግዳ ግድግዳ ይዞር ነበር። "የድሮውን በሙሉ ሸፈንከው እንዴ?"

"የቱን? ያንን ጭቃ?"

"ምን ጭቃ ነው! ጠዋት አረንጓዴ፣ ማታ ሰማያዊ የሚመስለውን ነዋ። በሰፈሩ እንደዚያ ያለ ቀለም የነበረው የኔ ክፍል ብቻ ነበር። መንገዱን ሙሉ ለዚች ስለሱ ሳወራላት ነው የመጣሁት።"

ኤሊሴዮ እርጥብ ጨርቁን አነሳና ገና ያልደረቀውን ቢጫ ከአልጋው በላይ ቀስ እያለ፣ ቁስል እንደሚጠርግ ሰው ይጠርገው ጀመር። ቢጫው ለቀቀ። በውኃ የቀጠነው የድሮውም ቀለም ተከትሎት ለቀቀና፣ ከሥሩ ነጭ ኖራ ብቅ አለ።