የያፌት ቀኝ ትከሻ

«ዛሬ የምትወድቀው አንተ ነህ» አሉት ጋሽ ወልዴ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት።

ናሆም የጫማውን ክር እያሰረ ነበር። «ማን? እኔ?»

«አንተ። አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ። ያፌት ከገመዱ ላይ ይዘልብሃል፣ ዳኛው ሦስት ይቆጥራል፣ አለቀ።»

«ጋሽ ወልዴ፣ የሻምፒዮኑ ቀበቶ ዛሬ ያንተ ነው ብለውኝ አልነበር? ልዩ እኮ ከሥራ አስፈቅዳ መጥታለች። ባሌ ሲያሸንፍ አያለሁ ብላ።»

«ብዬህ ነበር። ተቀየረ። የታዘዘውን ሳይጠይቅ የሚያደርግ ሰው ነው የሚፈለገው። እዚህ ብቻ አይደለም፣ የትም።»

ግራንድ ፕሬሪ በምትባል ከተማ ውስጥ ባለ አሮጌ መጋዘን፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ሦስት መቶ ሰው ትኬት ቆርጦ ሬስሊንግ ያያል። ማን እንደሚያሸንፍ የውድድሩ ባለቤት ጋሽ ወልዴ ጠዋት በቢጫ ወረቀት ላይ ይጽፉታል። ወረቀቱ ከጡንቻ ይበልጣል።

ከሁለት ወር ወዲህ ደግሞ ለወረቀቱ የቀረበው ያፌት ነው።

ምሳውን ከጋሽ ወልዴ ጋር ይበላል። ናሆም ቢሮ ሲገባ ወሬው ቀጥ ይላል። ናሆም ሲታገል በስልኩ ይቀርጸዋል፤ ለምን ሲባል «ስህተትህን ላሳይህ ነዋ» ይላል። አንድም ቀን አላሳየውም። ባለፈው ሳምንት የግሪን ካርዱን ኮፒ ጠየቀው።

«ለኢንሹራንስ ነው። ማለቴ፣ የሁላችንንም ጠይቀዋል።»

ናሆም ሌሎቹን ጠየቀ። ማንም አልተጠየቀም።

ስድስት ዓመት። ሁለቱ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ፣ በአንድ መኪና ይመጣሉ። ያፌት ቀኝ ትከሻው የወለቀ ጊዜ፣ አራት ወር ሙሉ ሸሚዝ ያለበሰው፣ ሐኪም ቤት ያመላለሰው ናሆም ነው።

እነዚያን ስድስት ዓመታት ናሆም ሲወድቅ ኖሯል። በሥራ ቀን ሌዊስቪል ከተማ ካርቶን ይጭናል፤ ቅዳሜ ይወድቃል። አንድ ጊዜ ቀበቶ ይዞ ቢታይ ከካርቶኑ የሚያወጣው ሰው ይገኝ ይሆናል። ሌላ የሚመኘው ነገር አልነበረውም።

የልብስ መቀየሪያው ግድግዳ ላይ ከዚህ መጋዘን ተነስተው ቴሌቪዥን የደረሱ አራት ሰዎች ፎቶ ተሰቅሏል። አራቱም ከመሄዳቸው በፊት በመጨረሻው ግጥሚያቸው በጀርባቸው ተዘርረው፣ የሌላ ሰው ጉልበት ደረታቸው ላይ ሆኖ ነው የተነሱት። የመጨረሻው ሀይሌ ነው፤ ባለፈው ሚያዝያ፣ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የጣለው ያፌት ነበር። ጋሽ ወልዴ ቀልድ ያውቃሉ ይባላል።

ያፌት ገባ። ናሆምን ሲያይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር ወደ ጀርባው አደረገ።

«ምንድነው እሱ?»

«ምንም። የፎቶ ነገር ነው።»

«የሻምፒዮኑ ፎቶ?»

ያፌት ሳቀ። «አንተ ሰውዬ! ዛሬ ብቻ አሳምረህ ውደቅልኝ፣ ኦኬ? እንደ ዋርካ። ከዚያ እናወራለን።»

«አሁን አናወራም?»

«ከዚያ አልኩህ። ደግሞ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሁለት ሰዎች አሉ፣ ወደ እነሱ እንዳታይ።»

«ያንተ እንግዶች ናቸው?»

«በናትህ ናሆሜ። ዝም ብለህ ውደቅ።»

ናሆም በመጋረጃው ቀዳዳ አየ። ግራጫ ጃኬት የለበሱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ሴትዮዋ ጉልበቷ ላይ ማስታወሻ ዘርግታለች። ለመዝናናት የመጣ ሰው እንዲህ አይቀመጥም።

ገባው። ያፌትን ለቴሌቪዥን ሊወስዱ ነው የመጡት። ያፌት እንዲነሳ የሚረግጠው ሰው ያስፈልገው ነበር።

አሥራ አንድ ደቂቃ ሁሉም እንደ ወረቀቱ ሄደ። ናሆም ተመታ፣ ተወረወረ፣ ሕዝቡ ጮኸ። ልዩ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

በዚህ ሥራ ክንድ አደራ ነው። የሚሰጠው ሰው ራሱን አላልቶ ይሰጣል፤ የሚይዘው የሚጠመዝዝ መስሎ ይጠብቀዋል። ያፌት ቀኝ ክንዱን ሰጠ።

ናሆም ጠመዘዘው። የእውነት።

ጓ ሲል ከሁለቱ በቀር የሰማ የለም። ያፌት በጉልበቱ፣ ከዚያ በጀርባው ወደቀ።

«ናሆሜ ምን ሆንክ? ዛሬ አይደለም፣ ዛሬ እንዳታደርገው...»

ናሆም ደረቱ ላይ ተኛበት። ዳኛው ወረቀቱን ያውቃልና እጁ አየር ላይ ቀረ። ግን ሦስት መቶ ሰው «አንድ!» ብሎ ጀምሮ ነበር። «ሁለት!» ያፌት ትከሻውን ማንሳት አልቻለም። «ሦስት!»

ልዩ ወንበር ላይ ወጥታ እያለቀሰች አጨበጨበች። ቀበቶው ናሆም ወገብ ላይ ሳይታሰር ሴትዮዋ ማስታወሻዋን ዘጋች፤ ግራጫ ጃኬቶቹ ወደ መውጫው ሄዱ።

ናሆም ወደ ልብስ መቀየሪያው ሲመለስ ያፌት አግዳሚው ላይ ተቀምጦ በረዶ ትከሻው ላይ ይዟል። ጋሽ ወልዴ አጠገቡ ቆመዋል።

«ስድስት ዓመት ወንድሜ ስልህ» አለ ናሆም። «ስድስት ዓመት! ሶ፣ ዋጋው ይሄ ነው? ልትሸጠኝ?»

ያፌት በግራ እጁ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ነገር ገፋ አደረገው።

«ይኸው ጋሽ ወልዴ። ቪዲዮውን ልኬ ያመጣኋቸው ሰዎች ሄደዋል፣ እንግዲህ አያስፈልግም።»

ጋሽ ወልዴ ጋዜጣውን ቀደዱት። ከሀይሌ ፎቶ ጎን አዲስ የተመታ ሚስማር ነበር፤ እሱን አዩ፣ ከዚያ ናሆምን፣ ከዚያ ቀበቶውን።

በጋዜጣው ውስጥ የነበረው ፎቶ የሌለበት ፍሬም ነበር፤ ከታቹ «ናሆም» ተብሎ ተቀርጾበታል፤ ጋሽ ወልዴ በብብታቸው ይዘውት ቢሯቸው ገቡና በሩን ዘጉ።