የሙሽርነት ስም

«ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተበክሏል። ለማጽዳት የካርድዎን ቁጥር ያስገቡ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ድንገት ስክሪኑን ሲሸፍነው ሉብና አልደነገጠችም። ውጫሌ ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ከከፈተች ወዲህ እንዲህ ያለውን ስንቱን አባራለች።

«ሂድ ወዲያ፣ ሌባ!» ብላ ዘጋችው።

ወዲያው ተመልሶ መጣ። በሩ ላይ የቆመው ባሏ ሙአዊያ ግራ ገብቶት፣ «ጦርነቱ ከገባ ወዲህ ኔትወርክ የለም እኮ። ይሄ በየት በኩል ገባ?» አላት።

ሳትመልስለት ጽሑፉ ተለወጠ።

«መዲና፣ የካርድሽን ቁጥር ስጪኝ።»

መዲና፣ የሙአዊያ እናት ለሉብና በሙሽርነቷ ያወጡላት ስም ነው። ከእሳቸው በቀር በዚያ ስም የሚጠራት አልነበረም፤ እሳቸውን ደግሞ ክረምት ላይ ቀብረዋቸዋል።

ሙአዊያ ተንደርድሮ ገባ። «እናቴ ናት! ወላሂ እናቴ ናት፣ ስጫት!»

«አልሰጥም!» አለች ሉብና። «ያኔ ሌቦች በስልክ አታለው ገንዘባቸውን የወሰዱባቸው ጊዜ እናትህ ምን አሉኝ? ‹ይሄን ቁጥር እኔው ራሴ ብለምንሽ እንኳ እንዳትሰጪኝ› አላሉኝም? እንግዲህ ከመቃብር ተነስተው ቢመጡም አልሰጥም!»

ወደ ጓሮ ወጥታ ጄነሬተሩን አጠፋችው። ጩኸቱ ቆመ፤ የፎቶ ኮፒው መብራትም ድርግም አለ።

ስትመለስ ሙአዊያ ካለበት አልተነቃነቀም። ጦርነቱ መብራቱን ካጠፋው ወዲህ ያለ ጄነሬተር ለቅጽበት እንኳ በርቶ የማያውቀው ስክሪን ፊቱን ያበራዋል።

«ጎሽ፣ የኔ መዲና።»