ሰባት አረንጓዴ ጠርሙስ

ጋሽ ምላስ ቆርኪውን ያገኘው ክብሪት ሲፈልግ ነው። ከሚስቱ ሽርጥ ኪስ ውስጥ፣ ከመርፌና ከክር ጋር ተቀምጧል። አረንጓዴ ነው። በከተማው አረንጓዴ ቆርኪ ያለው ቢራ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከአየርላንድ የሚመጣው ላገር።

እሷ ደግሞ ቢራ የሚባል ነገር በአፏ አይዞርም።

ቆርኪውን ወደ ቦታው መለሰና ወደ መጠጥ ቤት ወጣ። ሁለት ወር ሙሉ ፊቷ ፈክቶ፣ ጓዳ ውስጥ እያንጎራጎረች መክረሟ ትዝ አለው። ማታ ማታም «የዛሬው እንዴት ነው? ጣመህ?» ማለት ጀምራለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠይቃው የማታውቀውን! በደለኛ ሰው ደግነት ያበዛል።

ቀና። በስድሳ አራት ዓመቱ እንደ ጎረምሳ ቀና።

ቅዳሜ ነበርና መጠጥ ቤቱ ሞልቷል። «ምላስ» ብለው ስም ያወጡለት እዚህ ያሉት ጠጪዎች ናቸው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የቢራ ፋብሪካው ቀማሽ ነበር። ረዳቱ ከየጋኑ ቀድቶ በቆርቆሮ ኩባያ ያቀርብለታል፣ እሱ መልኩንም ምንጩንም ሳያይ ይፈርዳል። «ዓይን ከምላስ ቀድሞ ይጠጣል» የሚላት አባባል አለችው። አሁንም ቢራውን የሚጠጣው ቤቱ፣ ሚስቱ በዚያው ኩባያ ስትቀዳለት ነው፤ ይህን ሕግ ሽሮት አያውቅም።

ወሬው እንደ ሰሞኑ ሁሉ ስለ አየርላንዱ ላገር ነው።

«በዚህ ዋጋ የኛን ሁለት እጠጣለሁ» አለ ልብስ ሰፊው። «ደግሞ ገና ጉሮሮ ሳይደርስ ጣዕሙ ያልቃል።»

«አንተ የምትጠጣው ዋጋውን ነው» አለው ሹፌሩ። «ቀለል ይላል፣ በማግስቱም ራስ አይፈልጥም። ለሚሠራ ሰው ከዚህ በላይ ምን አለ?»

መሬት ቀያሹ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሳ። ሚስት የለውም፣ ሽቶ ይቀባል፣ ቤቱም ከጋሽ ምላስ ቤት ጀርባ ነው።

«እኔን የገዛኝ የኋላ ምሬቱ ነው» አለ። «ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። እንደ ጨዋ ሴት፣ ካልታገሡት አይገኝም።»

የማን ሴት? የጋሽ ምላስ ጆሮ ቆመ።

«እስቲ አምጣ!» ብሎ ጠርሙሱን ከቀያሹ ፊት ነጠቀው። አረንጓዴው መለያ ላይ እንደ ባላንጣ አፈጠጠ፣ አንዴ ተጎነጨና ሲጋራ መተርኮሻው ላይ ተፋው።

«ገብስ በአጠገቡ ያለፈ ውሃ! ቢራ ማለት የኔ ፋብሪካ ቢራ ነው። እርግጥ እኔ ስወጣ አበላሽተውት ነበር፤ ዓመት ሙሉ እህልም አልበላልህ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ተመልሷል። ሄጄም ያን በቦታዬ የተተካውን ደቀ መዝሙሬን አመሰገንኩት።»

«ምን አለህ?» አለው ሹፌሩ።

«"ጋሼ፣ እኛ እኮ ምንም አልቀየርንም" አለኛ! ጥፋቱን ማመን አፍሮ ነው።»

ሁሉም ሳቁ። ልብስ ሰፊውም «ተው፣ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አለው።

ሳቁ ሲበርድ ጋሽ ምላስ ብርጭቆ ወደምታጥበው የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ጠጋ አለ።

«ይህን ውሃ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚወስድ ሰው አለ?»

ሴትየዋ ዓይኗን ሰበረች። «ጋሼ፣ ቃል ገብቼ ነው።»

«እኔ እንደሆንኩ አውቄዋለሁ። አንቺ አረጋግጪልኝ እንጂ።»

«እንግዲህ ካወቅህ... እትዬ ናቸው። ሳምንት በመጣ ቁጥር ሰባት ጠርሙስ ይወስዳሉ። "ለምወደው ሰው ነው፣ ባሌ ግን እንዳይሰማ" ብለውኛል። እባክህ እኔ እንዳልነገርኩህ ቁጠረው።»

ሰባት! ለየቀኑ አንድ አንድ ማለት ነው። እሱ እዚህ ተቀምጦ ስለ ቢራ ሲፈላሰፍ፣ አንዱ እዚያ ቤት ተንፈላሶ በእሷ እጅ እየተቀዳለት ይጠጣል። ሠላሳ ዓመት አብሯት ሲኖር «የምወደው ሰው» የምትለውን ቃል ከአፏ ሰምቶ አያውቅም። አሁን ለሌላ ሰው ስትሰጠው ከመጠጥ ሻጭ ሰማው።

በዚህ መሃል ቀያሹ ኮፍያውን አነሳ። «ልሂድ እንግዲህ። የሚጠብቀኝ ሰው አለ።»

ጋሽ ምላስ ትንሽ ቆይቶ ተከተለው።

ጀምበር እያዘቀዘቀች ነበር። ቀያሹ እያፏጨ በጫማ ሰፊው በኩል ታጠፈ፣ በጋሽ ምላስ አጥር አጠገብ ሲደርስ እርምጃውን ቀነሰ። የጋሽ ምላስ ሚስት በመስኮት ብቅ አለች።

«እንዴት ዋሉ?» አላት።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና ሳቅ ብላ ገባች። ቀያሹ ጥጉን ዞሮ ከዓይን ተሰወረ። በዚያ በኩል ደግሞ የጋሽ ምላስ ቤት የጓሮ በር አለ።

ጋሽ ምላስ እስኪበቃው ጠበቀ። ዛሬ እጅ ከፍንጅ ይይዛቸዋል። ከዚያ ወይ እሷ ትወጣለች ወይ ራሱ ይወጣል፤ ከእንግዲህ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም። ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘና በጓሮ በኩል ገባ።

የጓዳው በር ገርበብ ብሏል። ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታዋለች። ከዱቄቱ ጆንያ ኋላ አረንጓዴ ጠርሙስ አወጣች፣ ከፈተች፣ አረፋው እንዳይገነፍል አዘንብላ በቀስታ ቀዳች። ጠርሙሱን መልሳ ደበቀች። ቆርኪውን ሽርጧ ኪስ ከተተች። ከዚያ እጇን አደራርቃ፣ ፀጉሯን በጣቶቿ አስተካከለችና እያንጎራጎረች ወደ ሳሎን አለፈች።

የተቀመጠውን ሰው አንገት ሊያንቅ፣ በባዶ እግሩ ተከተላት።

ሳሎኑ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ የቆርቆሮ ኩባያውን ከባሏ ወንበር ፊት አስቀምጣ፣ እሱ የሚመጣበትን መንገድ በመስኮት ታይ ጀመር።