የሟቹ ወንበር

በወንበር ታሪክ አዲስ ምዕራፍ መከፈቱን ለመላው ተቀማጭ ሕዝብ ስናበስር ታላቅ ደስታ ይሰማናል፤ ወንበር ሠሪው ፖድካስት ላይ ቀርቧል። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ጆሮው ላይ ትልቅ ማዳመጫ ደፍቶ፣ አፉ ሥር ማይክ ተደቅኖለት፣ ስለ ራሱና ስለ ወንበሮቹ አውርቷል። ማክሰኞ ተለቀቀ። ሦስት ወር ዝንብ ሲያባርርበት የከረመው ሱቅ ዛሬ ዓርብ ስልኩ ፋታ አልሰጥ ብሎታል።

አንዲት ትንሽ እንከን ብቻ አለች። በዚያ ፖድካስት ላይ አባቱን ገድሎታል።

ልግደለው ብሎ አልነበረም። ቀረጻው ሳይጀመር አዘጋጁ ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ ሰው ወንበር አይገዛም፤ ታሪክ ነው የሚገዛው» አለው። ምን ታሪክ አለው? ሙያውን አባቱ አስተማረው፤ አባቱ አሁንም አብሮት ይሠራል፤ ኮላ አበዛህ እያለ ሲነዘንዘው ይውላል። ይኼ ታሪክ ነው? እናም «ሙያውን ማን አስተማረህ?» ሲባል «አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና» የምትል ነገር ከአፉ አመለጠች። የአዘጋጁ ዐይን እንባ አቀረረ። ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለም፤ የገደለውን መቅበር ነበረበት። በሽታ ፈለገለት፣ አልጋ ላይ አስተኛው፣ የመጨረሻ ቃል አናገረው፦ «ልጄ፣ ወንበር አይዋሽም»። የመጨረሻ ወንበርም አሠራው፤ የግራ ክንዱ ተሰንጥቆ በጠፍር የታሰረ፣ መቼም የማይሸጥ።

ያ ወንበር ይኸው መስኮቱ ሥር ነው። ሟቹም ተቀምጦበት የወንበር እግር በብርጭቆ ወረቀት ያሻል።

አባቱ ጉልበቱን ስለሚያመው ቆሞ መሥራት ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ፖድካስት የሚባለውንም ከመድኃኒት ስም አይለየውም። አልሰማም ማለት ነው፤ ባይሰማ ደግሞ ምናለ! ወንበር ሠሪው ሦስት ቀን በዚህች ሐሳብ ተጽናንቶ ከረመ። ዛሬ ጠዋት ግን አባቱ ጥቁር ኮቱን ለብሶ መጣ። «ምነው አባዬ፣ ሰጋቱራ ውስጥ በጥቁር?» ቢለው «በረደኝ» አለው። ውጪው እሳት ነው።

በሩ ተከፈተና መነጽር ያደረገች ሴትዮ ገባች። ሰላምታም ሳትሰጥ የወንበር ሠሪውን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«የጥርስ ሐኪም ነኝ። መኪና ውስጥ ሆኜ ስሰማህ አላስችል ብሎኝ ዳር ይዤ አለቀስኩ። እግዚአብሔር ያጽናህ ወንድሜ።»

«አ… አሜን።»

የብርጭቆ ወረቀቱ ድምፅ ቀጥ አለ።

ሐኪሟ ዐይኗን ሱቁ ውስጥ ስታንከራትት መስኮቱ ጋ ደረሰች። «ያ ነው አይደል? ይኸው ጠፍሩ!» ከዚያ የተቀመጠውን ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ውይ፣ አባቴ! ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሟች ማስታወሻ ላይ እንዲህ ዘና ብሎ ይቀመጣል?»

ወንበር ሠሪው አሁን መናገር ይችል ነበር። ሦስት ቃል ይበቃው ነበር፦ እሱ ነው አባቴ። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ስልኩ ጮኸ፤ ሌላ ደንበኛ።

«ጋሼ» አለ፣ ድምፁ የራሱ እስከማይመስለው። «እስቲ አንዴ ይነሡላቸው።»

ጋሼ! ያውም በአንቱታ። አፉን ከፈታበት ቀን ጀምሮ «አባዬ፣ አንተ» ሲለው የኖረውን ሰው፣ አሁን አክብሮ ባዳ አደረገው።

አባቱ ቀና ብሎ አየው። ብዙም አላየውም። «እሺ ጌታዬ» አለና እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ እያቃሰተ ተነሣ። በጥቁሩ ኮት እጅጌ የመቀመጫውን ብናኝ ጠርጎ ለቀቀላት።

«ሟቹን ያውቋቸው ነበር?» አለች ሐኪሟ ወንበሩን ፎቶ እያነሣች።

«አብረን ነው ያረጀነው።»

«እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ?»

«ኮላ ሲበዛ አይወድም። ወሬም እንደዚያው።» ትንሽ አሰበ። «ልጁን ይወድ ነበር።»

«ያቺ የመጨረሻ ቃላቸው ደግሞ!»

«‹ልጄ፣ ወንበር አይዋሽም›» አለ አባቱ፣ አንድ ቃል ሳያጎድል። «አጠገቡ ነበርኩ።»

የወንበር ሠሪው ጆሮ ጋለ። ሰምቶታል። በሽታውንም፣ አልጋውንም፣ ቀብሩንም፤ ሃምሳ ሁለቱንም ደቂቃ።

ሐኪሟ ለታካሚዎቿ መጠበቂያ ክፍል ስምንት ወንበር አዘዘች። ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ አባቱን «አይዞዎት አባቴ፣ ልጃቸው ደግ ሰው ነው፤ እርስዎንም አይጥልዎትም» አለችው።

በሩ ተዘጋ። ስልኩ መጮህ ጀመረ፤ ማንም አላነሣውም። ባዶው ወንበር ላይ፣ ብዙ ዓመት ሲቀመጡበት የጎደጎደው ቦታ ላይ፣ የፀሐይ ብርሃን አርፏል።

ወንበር ሠሪው ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ። ፖድካስቱ ላይ እንደዚያ ወሬ ሲያዘንብ የነበረው አፍ ዛሬ ያወጣው ይህችን ብቻ ነው፦

«አባዬ፣ ቁጭ በል።»

አባቱ መሥሪያ ጠረጴዛው ጋ ሄዶ ቆመ። መላጊያውን አነሣ።

«አልቀመጥም።»

«ጉልበትህ እኮ…»

«አልቀመጥም።»

«ለምን አባዬ?»

«አልቀመጥም አልኩ፤ በቃ።»